ለቀይዋ አውሮፕላን የማይመጥን ሞተር

ጋሽ ስብሐት ከዊንጌት በላይ ባለው ጠባብ ወርክሾፓቸው፣ እንጨትና ብረት ከሚያስሩበት የብረት ሞርሳ ሥር በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። የሞርሳው ጠርዝ ማጅራታቸውን ፈንክቶታል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በሁለት ቀጭን ሽቦ ተይዘው በአብራሪው ዙሪያ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ስትደርስ ጉዳዩ ተጠናቅቆ ጠበቃት። ጎረቤታቸው ጎሚስታው ኢክረማ ጠዋት በሞተር ጩኸት ሰበብ ሲጨቃጨቃቸው ተሰምቷል። ሚስታቸው ወይዘሮ ገበያነሽም በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት «ገዳይ» ብለውታል። በዚሁ ታሰረ። ሐመልማልን ያናደዳት ይኸው ነው፤ ፖሊሶቹ ሰው አስረዋል፣ ወለሉን ግን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

እሷ ጎንበስ አለች። በደሙ ላይና በሟቹ ትከሻ ላይ ቢጫ የእንጨት ብናኝ ተነስንሷል። ሬሳው ሲነሳ ከሥሩ አንዲት ቅንጣት አልነበረችም።

የጋሽ ስብሐት ተማሪ ኪሩ በዚያው ጠዋት ጋሼ የሠሯትን ቀይ አውሮፕላን ወስዶ ሲያበር ውሏል። በትንሹ ሞተሯ ፈንታ ትልቅ ሞተር ጋሼ ራሳቸው ገጥመውላት እንደሰጡት፣ ሲወጣም ኢክረማ በር ላይ እየጮኸ እንደነበር ተናገረ።

ኢክረማ የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ጋሽ ስብሐት ከአንተ የሚወስዱት ነገር ነበር?» አለችው።

«የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ። ከባድ ሞተር ሲገጥሙ የአውሮፕላኗ አፍንጫ እንዳይዘቀዘቅ ጭራዋ ላይ ይለጥፉታል።»

«የዚያን ቀንስ?»

«አልጠየቁኝም። እኔንም እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

በማግስቱ ኢክረማን፣ ኪሩንና ወይዘሮ ገበያነሽን ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቀይዋን አውሮፕላን በክንፎቿ ሥር በሁለት ጣቶቿ ደግፋ አነሳቻት። አፍንጫዋ ወዲያው ተደፋ።

«ጭራዋ ላይ እርሳስ የለም» አለች። «ጋሽ ስብሐት ሚዛኑን ሳያስተካክሉ ያስረከቡት አውሮፕላን አለ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ?»

«አንድም የለም» አሉ ሴትየዋ።

«ስለዚህ ሞተሩን የገጠመው ሌላ ሰው ነው። ትልቁ ሞተር ደግሞ በድሮው ቀዳዳ አይታሰርም፤ ሞተሩ የሚታሰርበት እንጨት እንደ አዲስ በትራፓኖ መበሳት ነበረበት። የመብሻው ብናኝ ደማቸው ላይና ትከሻቸው ላይ አለ፤ ከሥራቸው የለም። እንጨቱ ሲበሳ እሳቸው ወድቀዋል። አውሮፕላኗን ይዞ የወጣው ማን ነው፣ ኪሩ?»

ኪሩ እጁን የቀይዋ አውሮፕላን ሞተር ላይ አሳረፈ።

«አሥር ዓመት ‹ትልቅ ሞተር አይመጥናትም› አሉኝ» አለ። «ጉለሌ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ በትንሽ ሞተር አትጎትትም ብላቸው አይሰሙም። ሞተሩን ከእጄ ሊቀሙኝ ሲሉ ገፋኋቸው። በቃ... ገፋኋቸው።»

«ገፋሃቸው» አለች ሐመልማል። «ከዚያ እሳቸው እግርህ ሥር ወድቀው አንተ ቀዳዳ ትበሳለህ። ይህ ሰው ሁለት ቀን ሲታሰርም ዝም ብለህ ታያለህ።»

ኪሩን ይዘውት ወጡ። ወይዘሮ ገበያነሽ ወደ ኢክረማ ዞረው ለይቅርታ ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አስቆማቸው።

«እዚህ አይደለም፣ እትዬ ገበያነሽ» አለ። «ገዳይ ያሉኝ መንገድ ላይ ነው። ልጆቼም ሰምተዋል።»

ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀድመውት ወደ መንገዱ ወጡ።