ትል የማይደፍረው ቲማቲም

ሽማግሌው ተመራማሪ ግሪን ሃውሱ ውስጥ፣ በቲማቲም መደቦቹ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የጣሪያው መስኮቶች አንድ ሳይቀር ተዘግተው ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አንድ ወር ታሞ ተኝቶ ሥራ የገባው የዚያኑ ዕለት ነው፤ ሐኪሙም «ልብህ ሙቀት አይችልም» ብሎት ነበር።

መስኮት መክፈትና ሙቀት መመዝገብ የታናሽ ወንድሙ ሥራ ነው። የዚያ ጠዋት መዝገብ «መስኮት ተከፍቷል፤ ሃያ አራት ዲግሪ» ይላል። ታዲያ ማን ዘጋው? ወንድምየው ጽፎ ወጥቷል፤ የሟቹ ሚስትም ባሏን በር ድረስ አድርሳ ተመልሳለች። ግቢው ውስጥ የቀረው ዘበኛው ብቻ፤ እሱም በዋዜማው ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል።

በማግስቱ ዘበኛውን በካቴና ሲያመጡት፣ «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከወንድምየው አፍ ደርሶ ተመለሰ።

የፖሊስ መርማሪዋ ወንድምየውን፣ ሚስትየውንና ዘበኛውን በመደቡ ዙሪያ አቁማ አንድ ቲማቲም ነቀለች።

«ኧረ እትዬ፣ የሰው ልፋት ነው!» አለ ወንድምየው።

«ሥሩ ምነው ተቋጠረ?»

«የሥር ትል ነው።»

«ትል የማይደፍረው ዘር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ትሉ ሲገባ ተክሉ የተነካችውን ቦታ ራሱ ይገድላታል፤ ትሉ የሚበላው ያጣል።»

«ታዲያ ይሄኛው ለትል ድግስ ደገሰ?»

«ዘሩ... ተቀላቅሎ ይሆናል።»

ዘበኛው በካቴና እንደታሰረ ሳቀ። «እኔ ነኛ የቀላቀልኩት! ዝናብ ቢቀርም በኔ ነው።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ከዚሁ ከረጢት፣ በዚሁ ትላም አፈር ውጭም ተተክሏል፤ የዚያ ሥር እንደ ክር ጠርቷል። ስለዚህ ዘሩ አልተቀላቀለም። የሚለያቸው ሙቀት ነው። አፈሩ ሃያ ስምንት ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት ይህ ዘር መከላከሉን ይተዋል። ሥር ደግሞ ባንድ ጀንበር አይቋጠርም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። እንግዲህ መስኮቶቹን ያን ዕለት የዘጋቸው ሰው የለም፤ ድሮውንም አልተከፈቱም! ዛሬም እንደተዘጉ ናቸው፤ መዝገቡ ግን ዛሬ ጠዋትም ሃያ አራት ይላል፤ ሬሳው በወጣ ማግስት።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

«የመስኮቶቹ ማንሻ ተሰብሮ ነበር። ወንድሜ ‹አስጠግነው› ብሎኝ ነበር፤ ነገ ነገ ስል... ውስጥ ሳልገባ ውሃውን ከውጭ እለቅና መዝገቡን በር ላይ እሞላለሁ። ዛሬም እጄ ዝም ብሎ ጻፈ። ዘበኛውን ፍቱት። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ካቴናው ተፈታ። ዘበኛው አንጓውን እያሸ ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ ሚስትየውን አይቶ ተወው።

«ያን ጠዋት መነጽሩን ረስቶ ነበር» አለች እሷ፣ ለማንም ሳይሆን። «‹መዝገቡን አንብቢልኝ› አለኝ። ‹ሃያ አራት ነው፤ ግባ› አልኩት።»