የጠቆረው ስክሪን

«ጠፋ! እንደገና ጠፋ!»

ሶፎንያስ ከወንበሩ ተነስቶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከፊቱ ያለው ስክሪን ድቅድቅ ብሎ ጠቁሯል። ገና አሁን የበረዶው ቁልቁለት፣ ቀዩ ጋሪና የመነሻው ባንዲራ ደምቀው ይታዩ ነበር። «ጀምር» የሚለውን ሲጫን ግን ሁሉም እልም አለ። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከጥቁሩ ስክሪን ጀርባ ያፏጫል።

በቶየን ሰፈር የወጣቶች ክበብ አዳራሽ የተሰበሰቡት የሐበሻ ልጆች በአንድ ላይ «ኡ!» አሉ። ከሮምሶስ ሰፈር የመጡት የሶፎንያስ ደጋፊዎች በድንጋጤ፣ ከሃውገሩድ የመጡት ተጋጣሚዎቻቸው ደግሞ ደስታቸውን ለመደበቅ እየታገሉ ነበር።

ብሩክታዊት ከማዶ ካለው ጠረጴዛ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሃውገሩድ ቡድን አለቃ ናት። ጨዋታው የበረዶ ጋሪ እሽቅድምድም ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ተጫዋቾችና ይዞት የመጣው አንድ ኮምፒውተር አለው። ተጫዋቾቹ እየተቀባበሉ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ የመጨረሻው ሰው ቀድሞ የገባለት ቡድን ያሸንፋል። ሶፎንያስ የራሱን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በትልቅ ሰማያዊ ከረጢት ይዞ በባቡር ነው የመጣው። አሁን ያ ሁሉ ድካም ጥቁር ሆኖ ፊቱ ተደቅኗል።

ዳኛው ዘሚካኤል ሰዓቱን አየ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክበቡን በፈቃደኝነት ይመራል። «ግማሽ ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ» አላቸው። «እስከዚያ ካልተስተካከለ ሃውገሩድ ወደ ፍጻሜው ያልፋል። እኔም ደስ አይለኝም፤ ደንቡ ግን ይሄው ነው።»

ከዚያ ወደ ሃውገሩድ ጠረጴዛ መጣ። «ብሩክታዊት፣ አንቺ ኮምፒውተር ትጠግኛለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምን አታዪላቸውም?»

ብሩክታዊት አፏን ከመክፈቷ በፊት አጠገቧ የተቀመጠችው የቡድን ጓደኛዋ ናዝሬት ቀደመቻት። «አይታዋለች'ኮ! ቅድም ሲገጥሙት አየችውና ካርዱ ተቃጥሏል አለች። አይሠራም።»

ብሩክታዊት ዞር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረችም። ናዝሬት ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረገቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ላሽ በያቸው። አምና እንዴት እንደሳቁብን ረሳሽው? ዓመት ሙሉ የተለማመድነው ለዚህ ነው።»

እውነቷን ነው፤ አምና ሮምሶሶች በመጀመሪያው ዙር አሸንፈዋቸው እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እየዘፈኑባቸው ነው የሸኟቸው። ናዝሬት ያን ቀን አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት እንደወጡ የሚሄዱት እነ ብሩክታዊት ቤት ነበር፤ ጣታቸው እስኪደነዝዝ ይለማመዳሉ። አሁን ምንም ሳያደርጉ፣ ዝም ብለው በመቀመጥ ብቻ ፍጻሜ ሊገቡ ነው።

ችግሩ የብሩክታዊት እጅ ነው። ስክሪኑ ከጠቆረ ጀምሮ እጇን እየበላት ነው። ካርዱ የተቃጠለ ቢሆን ኖሮ ባንዲራውን ማን ሳለው? በረዶውንስ? ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው። እስከ መነሻው ድረስ አሳምሮ ሠርቶ፣ ልክ ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል የሚጠፋው ለምንድን ነው? ጥያቄው ውስጧ ሲገላበጥ ቆየና በአፏ ወጣ።

«አልተቃጠለም።»

ዘሚካኤል አንዴ ናዝሬትን፣ አንዴ እሷን አየ። ናዝሬት አቀረቀረች።

«ማለቴ… በደንብ አላየሁትም» አለች ብሩክታዊት ቶሎ ብላ። «አሁን ልየው።»

ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። የናዝሬትን ፊት ላለማየት አዳራሹን በፍጥነት አቋረጠች።

ሶፎንያስ መንገዷ ላይ ቆመ። «ምንም እንዳትነኪብኝ፤ የእኔ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ወንበሩን ልቀቅላት» አለችው ርብቃ፣ የቡድኑ ፈጣን ተጫዋች። «ከዚህ በላይ ምን ልታበላሸው ነው?»

ሶፎንያስ እያጉረመረመ ዞር አለላት። ብሩክታዊት ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ። ትናንት ማታ አሪፍ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ነካካህ?»

ሶፎንያስ ጣሪያውን አየ። «ድራይቨሩን አፕዴት አደረግኩት።»

«በውድድር ቀን?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው። ፊሊፕ ነው፤ የሃውገሩድ ሦስተኛ ተጫዋች። ማየት አላስችል ብሎት ተከትሏት መጥቷል። ልጆቹ ሳቁ። የሶፎንያስ ጆሮ ቀላ።

«አዲስ ነገር መጥቶ ነዋ! ካርዱ በሁለት ምስሎች መሀል ሦስተኛ ምስል ራሱ እየሠራ ይጨምራል። እንቅስቃሴው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል አሉ። ለቡድኑ ብዬ ነው።»

«አትሳቁ» አለች ብሩክታዊት። «እኔም ብሆን አደርገው ነበር።» ውሸቷን አልነበረም። ሶፎንያስ ቀና ብሎ አያት።

መጀመሪያ ያንኑ ምስል የሚጨምረውን ነገር አጠፋችው። «ጀምር»፤ ጥቁር። ጨዋታውን በራሱ የሚቀዳውን አገልግሎት ዘጋችው። «ጀምር»፤ ጋሪው አንድ ጊዜ ተንፏቀቀና ጥቁር። የምስሉን ጥራት እስከ ታች ዝቅ አደረገችው። አሁንም ጥቁር። ፊሊፕ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካካ። «ሁሉም ጥብቅ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ልጆቹ ከበቧት። «ናይ፣ አይሆንም በቃ» ይላል አንዱ። «ቆይ፣ ቆይ» ይላል ሌላው። ብሩክታዊት ግን ባልሆነ ቁጥር ፊቷ ይበልጥ ይፈካ ነበር። ያልሆነው ሁሉ ከመንገዷ እየተነሳላት ነው።

«ካርዱን የገዛኸው አዲስ ነው?»

«የአጎቴ ልጅ የተወው ነው። ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት። የድሮዬ የሌላ ፋብሪካ ነበር።»

ብሩክታዊት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «የድሮውን ድራይቨር አጥፍተኸዋል?»

«መጥፋት አለበት እንዴ?»

ብሩክታዊት ከት ብላ ሳቀች። እናቷ፣ ወይንሀረግ፣ ሆስፒታል ውስጥ ለሐበሻ ሕመምተኞች ታስተረጉማለች። አንድ ቀን በስህተት ሁለት አስተርጓሚ ተጠርቶ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ሐኪሙ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደወጣ ስትተርክ ቤቱ በሳቅ ፈርሶ ነበር።

«ስሙኝ» አለች ወደ ልጆቹ ዞራ። «ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩና በካርዱ መሀል ያለ አስተርጓሚ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት አስተርጓሚ አለ፤ አንደኛው ለሌለ ካርድ ነው የሚያስተረጉመው። እስከ ትናንት ድረስ ተቻችለው ኖረዋል። ዛሬ ጠዋት ሶፎንያስ አዲስ አስተርጓሚ ሲያስገባ ተጣሉ። ጋሪው ሊነሳ ሲል ሁለቱም እኩል ይጮሃሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ርብቃ።

«ሁለቱንም ማባረር። ከዚያ አንዱን ብቻ እንደ አዲስ መቅጠር።»

ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ በግድ ከሚያስፈልገው ፕሮግራም በስተቀር ምንም በማይከፍተው በሴፍ ሞድ አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ትልልቅና ብዥ ያለ ሆነ። የድሮውን ድራይቨር አጠፋች፤ የጠዋቱንም አጠፋች። ሶፎንያስ ጥፍሩን ይበላል። ኮምፒውተሩን በመደበኛው መንገድ እንደገና አስነስታ፣ አዲሱን ድራይቨር ከክበቡ ኢንተርኔት አውርዳ መጫን ስትጀምር ስክሪኑ ድርግም አለ።

ልጆቹ ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን አሰገጉ።

ስክሪኑ ተመልሶ በራ፤ ፊደሉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ። ርብቃ ጮኸች፣ ፊሊፕ ጮኸ፣ ሶፎንያስ ሳያስበው የብሩክታዊትን ትከሻ ይዞ ነቀነቃት። «ኩልት! አሪፍ! አንቺ ልጅ፣ ይመችሽ!»

ጨዋታውን ከፈተው። ከመነሻው ባንዲራ በፊት ግን «ምስሎች በመዘጋጀት ላይ» የሚል ጽሑፍና እንደ ቀንድ አውጣ የሚሳብ ሰማያዊ መስመር መጣ። ከሥሩ «እለፍ» የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ።

ዘሚካኤል አጨበጨበ። «ሰዓቱ አልቋል! ጨዋታው ስለተከፈተ መወዳደር ትችላላችሁ። ግን አሁኑኑ መጀመር አለባችሁ።»

ሶፎንያስ ማውሱን ይዞ ወደ «እለፍ» ወሰደው። ብሩክታዊት ለመሄድ ተነስታ ነበር፤ ቆም አለች። ድራይቨር ሲቀየር ጨዋታው ቀድሞ ያዘጋጃቸው ምስሎች ይጠፋሉ። መስመሩ እስኪሞላ ካልጠበቀ ጋሪው እየሮጠ ሳለ ነው የሚያዘጋጃቸው፤ በየኩርባው ቀጥ ቀጥ ይላል። በቤቷ ደርሶባታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያለ አይመስልም።

ከማዶ ናዝሬት አየቻትና አውራ ጣቷን አነሳች። በቃ፣ ረዳሻቸው፣ ነይ፤ ማለቷ ነው። ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም። እንዲያውም ያመሰግኗታል።

«አትጫነው» አለች።

የሶፎንያስ እጅ ቆመ።

«ከዘለልከው ጨዋታው ይቆራረጥብሃል። እስኪሞላ መጠበቅ አለብህ።»

ዘሚካኤል ራሱን አከከ። «ለመጠበቅማ ተጋጣሚው ቡድን መፍቀድ አለበት። የሃውገሩድ አለቃ ትፈቅዳለች?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ናዝሬት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ቀስ ብላ።

«ትፈቅዳለች» አለች ብሩክታዊት።

ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ናዝሬት ማዳመጫውን አጥልቃ ወደ ስክሪኑ ዞራለች።

ውድድሩ ሲጀመር ግን የክበቡ መስኮቶች በጩኸት ተንቀጠቀጡ። ናዝሬት በንዴት ነው የነዳችው፤ እንደዚያ ነድታ አታውቅም። ርብቃን በጥድ ዛፎቹ መሀል አለፈቻት። ፊሊፕ ኩርባው ላይ ተንሸራትቶ ያገኙትን ብልጫ ጣለው። የብሩክታዊት ተራ ሲደርስ ሁለቱ ጋሪዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ በሌላኛው ያለው ሶፎንያስ ነው። የሁለቱም ምስል እንደ ውሃ ይፈስሳል። በረዶው ይበተናል፣ ገደሉ ይመጣል፣ ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው ይጮሃሉ። ብሩክታዊት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ዘለለች፤ ሶፎንያስም ዘለለ። መስመሩን ያለፉት እኩል መሰለ።

የሶፎንያስ ቀይ ጋሪ አፍንጫ ቀድሟል። ሮምሶስ አለፈ።

ብሩክታዊት ማዳመጫዋን ስታወልቅ እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው ጉንጯ ሲያማት ነው። መሸነፉ ዘግይቶ ነው የተሰማት፤ ናዝሬት ጃኬቷን ለብሳ ስትወጣ ስታይ።

ሶፎንያስ ኮምፒውተሩን እየጠቀለለ ጠራት። «እሮብ ከትምህርት በኋላ እኛ ጋ እንለማመዳለን። ለፍጻሜው የሚያስቸግረን ሰው ያስፈልገናል። ከእናንተ የባሰ አስቸጋሪ ደግሞ የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምና ስለዘፈንነው… ያ ፋራነት ነበር።»

ባቡሩ ውስጥ ናዝሬት መስኮት ይዛ፣ ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣለች። ፊሊፕ ነገሩ ገብቶት ራቅ ብሎ ቆመ። ብሩክታዊት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በረዶ የለበሱት ፎቆች ማለፍ ጀመሩ።

«ፍጻሜ ገብተን ነበር'ኮ» አለች ናዝሬት መስኮቱን እያየች።

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብትዪ ኖሮ…»

«አውቃለሁ፣ ናዚ።» ብሩክታዊት ጓንቷን አወለቀች። «ርብቃን በዛፎቹ መሀል ያለፍሻት ግን… ልቤ ነው የቆመው። ስክሪናቸው ጠፍቶ ቢቀር ያን አላየውም ነበር።»

ናዝሬት በጓንቷ መስኮቱን ጠረገች። የከንፈሯ ጫፍ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ሰበሰበችው።

«እሮብ ሮምሶስ ልሄድ ነው» አለች ብሩክታዊት። «ከእነሱ ጋር እለማመዳለሁ። አብረሽኝ ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

«ካልመጣሁስ?»

ብሩክታዊት ጓንቷን ጭኗ ላይ አጠፈች። ባቡሩ ከአጭር ዋሻ ወጥቶ ብርሃን ገባ።

«ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ናዝሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንደመለሰች።

ብሩክታዊት ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች።