ሃያ ሦስተኛው መልስ

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ጠንቋይ ደጃፍ ቆሜ አላውቅም፣ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ሲባል ስሰማም ሰነፍ ሰው ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰበብ ነው ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ዲላ ውስጥ የወፍጮ ሞተር እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እየለቀምኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝና፣ ሞተር ከቆመ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልታየም ጥፋቱ የማያየው ሰውዬ ነው፣ እምነቴ ይህ ነበር። ይህን የምጽፈውም ላስገርማችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ የበደልኩት ሰው ስላለ ነው።

ነገሩ ደርግ ሊያበቃለት በተቃረበበት ጊዜ ነው። የባለቤቴ የዘነበች ወንድም መርከብ ላይ ይሠራ ነበርና፣ በሰው አገር አርጅቷል ተብሎ የተጣለ የቤት ኮምፒዩተር አምጥቶ ሰጠን። የአሁኑን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ የሚሠራውን ሥራ ከቴፕ ካሴት ይቀበላል፣ መብራት ከጠፋ ወይም ከሶኬት ከተነቀለ ግን የተቀበለውን ሁሉ ይረሳል። ይህችን ያዙልኝ፣ ይረሳል።

ሲመጣም ታሞ ነው የመጣው። ካሴቱን አምስት ጊዜ አጫውታችሁ አንዴ ቢቀበል ነው፣ ስክሪኑ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ አንዱ ቁልፍ አንዴ ሲነካ ሦስት ጊዜ ይጽፋል፣ ሌላው በጡጫ ካልተመታ አይሰማም፣ እንዲህ እየደበደብነውና እየለመንነው ሁለት ዓመት ኖርን። ዘነበች ደግሞ ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮኑን ዳንቴል እንዳለበሰች ለዚህም ዳንቴል ሠራችለት፣ እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን እንዳይታይ ብላ ገና ትኩስ እያለ ትሸፍነዋለች፣ እኔም ሞተር አዋቂ ነኝ ባዩ ዝም ብዬ አያለሁ። ሙቀት፣ ጨለማ፣ በላዩ ላይ ጨርቅ፣ ለበረሮ ከዚህ የተሻለ ምን ቤት አለ? በቁልፎቹ መካከል ቀጫጭን ጢም ብቅ እያለ ይወዛወዛል፣ ኩሳቸው እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ዳንቴሉ ላይ ይረግፋል፣ ቁልፍ ስትጫኑ ከሥር አንድ ነገር ጭርቅ ይልና ነጭ ፈሳሽ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ሽታውስ? በቡና አጠባ ወራት ከወንዙ የሚመጣውን የበሰበሰ ገለፈት የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ሳጥን ውስጥ ዘግተህ አሙቀው ብዬ ብነግረው ይገባዋል። ጎረቤታችን ባለሱቁ በድሩ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አፍንጫውን ያዘ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ይኼ ነገር ሞቷል እኮ፣ ለምን አትቀብሩትም?»

«የማታውቀውን አትናገር፣ ይህ የዕውቀት መሣሪያ ነው።»

«እሺ፣ ዕውቀት ከሆነ በረሮዎቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» አለና እየሳቀ ወጣ።

ልጄ አስቴር ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፣ እኔም ያልሄድኩበትን መንገድ እንድትሄድልኝ ጓጉቻለሁ። ልጆች ሒሳብ የሚወድቁት ማባዛት ስለማይችሉ ነው ብዬ፣ ከማሽኑ ጋር ከመጣው መጽሐፍ እየገለበጥኩ ማሽኑ የማባዛት ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረግሁት፣ እሷ ትመልሳለች፣ ከተሳሳተች በላቲን ፊደል «ስህተት» ይላል። ሁልጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አስቀምጣታለሁ፣ እኔ ማስመሪያ ይዤ ከኋላዋ እቀመጣለሁ።

ማሽኑ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ይላል፣ ሃምሳ አራት የሚል መልስ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ፣ ስህተት።

«አባባ፣ እኔ ሃምሳ ስድስት ነው የጻፍኩት።»

«እጅሽን አምጪ።»

«በማርያም እውነቴን ነው!»

«ማርያምን ለውሸትሽ አትጥሪ። ማሽን አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው።»

መዳፏን በማስመሪያ እመታታለሁ፣ ከዚያ እኔው ቁጭ ብዬ ሃምሳ ስድስት እጽፋለሁ፣ ስክሪኑም ሃምሳ ስድስት ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አንድ ያላደረግሁት ነገር ነበር፣ አሁን ስናገረው ያመኛል፣ ዓይኔ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ ጣቷን አላየሁም።

እሷ ግን ደብተር አወጣች፣ ማሽኑ ስህተት ባላት ቁጥር በእውነት የጻፈችውን መልስ እዚያ ላይ መመዝገብ ጀመረች። «አንድ ቀን ታየዋለህ» አለችኝ። ውሸታም ደብተር ስለያዘ እውነተኛ አይሆንም አልኳት፣ ደብተሩንም ገልጬ አላየሁትም። በመጨረሻው ቀን እጅሽን አምጪ ሳልላት ራሷ ዘረጋችልኝ፣ አላለቀሰችም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። በማግስቱ ደብተሯን እቤት ጥላ ይርጋጨፌ አክስቷ ዘንድ ሄደች፣ ያ ነገር ቤት ውስጥ እያለ አልመለስም፣ ፈተናውም ይቅርብኝ የሚል መልእክት ላከች። ለፈተናው የቀረው ሦስት ሳምንት ነው፣ ካለፋት ዓመቷ ሄደ ማለት ነው።

ዘነበች «እንግዲህ ማሽንህን ሚኒስትሪ አስፈትነው» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ማሽኑን ግቢ አውጥቼ በመፍቻ ከፈትኩት። ወዳጆቼ፣ እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ገና ቆዳውን የገፈፈው ነጩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየረገጠ እጄ ላይ ወጣ፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፣ እንቁላላቸው እንደ ቀይ ቦሎቄ በየጥጋቱ ተለጥፏል፣ የሞቱትን ያሉት እየበሏቸው ነው። ላምባ አርከፍክፌ፣ በጥርስ ብሩሽ ፍቄ፣ አንድም ሳይቀር አጸዳሁት። ያኔ ምክንያቱ ተገኘ አልኩ፣ የቁልፎቹን መገናኛ የሚያሳስተው ይህ ቆሻሻ ነው። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፣ እንግዲያውስ ልጄን የቀጣኋት በበረሮ ምስክርነት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ወደ ይርጋጨፌ አልሄድኩም። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ የት ታየ ብዬ ኮራሁ። ማሽኑን ቦታው መለስኩት፣ የመብራት ገመዱን ጠቅልዬ ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ዘነበችም ዳንቴሉን አጥባ አለበሰችው።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀምጠን መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፣ የበድሩ ሱቅም ጨለመ። ዘነበች ክብሪት ስትፈልግ ከዳንቴሉ ሥር ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ጠቅ።

«በረሮህ ተመለሰ» አለች ዘነበች።

«አንድ አላስተረፍኩም።»

ክብሪቱን ተቀብያት ለኮስኩና ዳንቴሉን ገለጥኩ። በረሮ የለም። የአምስት ቁጥር ቁልፍ ግን ማንም ሳይነካው ወደ ታች ሰመጠና ተመለሰ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ የሚመታው ትልቁ ቁልፍ። አስቴር እንደምትመታው ነው፣ መጀመሪያ ሁለቱን ፈጠን አድርጋ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይታ ትልቁን። ክብሪቱ ጣቴን አቃጠለኝ። ሌላ ለኮስኩ፣ ምስማሩን አየሁ፣ ገመዱ እንደ ተጠቀለለ ተሰቅሏል።

መብራቱ መጣ። ቴሌቪዥኑ ዜና ያሳያል ስል ጥቁር ሆኖ በራ፣ በላዩም ነጫጭ ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ካሴት ያልሰማ፣ ከሶኬት የተነቀለ፣ የሚረሳ ማሽን!

«ደብተሩን አምጪ» አልኳት።

«የቱን?»

«የልጅቷን!»

ዘነበች ከደብተሩ ታነባለች፣ እኔ ከስክሪኑ እከተላለሁ። ሃምሳ ስድስት፣ አለ። ስድሳ ሦስት፣ አለ። መቶ ስምንት፣ አለ። ሃያ ሁለት መልስ በተራ፣ አንድም አልተዛነፈ፣ ሁሉም ትክክል፣ በእያንዳንዱም የመታኋት። እጄን አየሁት፣ ከዚያ ሁሉ በረሮ ይልቅ ያን ጊዜ የተጸየፍኩት እሱን ነው።

«አለቀ» አለች ዘነበች ደብተሩን አጥፋ።

«አላለቀም፣ አንድ ይቀራል። መቶ አርባ አራት።»

«እዚህ የለም።»

ገጹን ሁለት ጊዜ ገለበጥን፣ የለም። ቀና ስል ስክሪኑ ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን በረዶ ሆነ፣ ከበረዶውም ውስጥ የዜና አንባቢው ድምፅ ወጣ።

በነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ ይርጋጨፌ ሄድኩ። አስቴር ከአክስቷ ጋር ደጃፍ ላይ ቡና እየለቀመች ነበር። ደብተሯን አክስቷ ፊት ዘረጋሁላትና «አንቺ እውነተኛ ነሽ፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ደብተሯን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና «ያ ነገር ከቤት ይወጣል?» አለች።

«ዛሬውኑ።»

ተነሥታ ልብሷን ሰበሰበች። አውቶቡሱ ወናጎን አልፎ ሲሄድ፣ ስለ ትናንቱ አንድም ቃል ሳልተነፍስላት፣ እንዲያው እንደ ዋዛ ጠየቅኋት።

«አስቱ፣ መቶ አርባ አራት የሚል መልስ ደብተርሽ ላይ ሳትጽፊ የቀረሽ አለ?»

ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች።

«ደብተሩ እኮ እቤት ቀርቶ ነበር። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ጉልበቴ ላይ በጣቴ የጻፍኩት ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት። አንተ በምን አወቅህ?»

ስለ ፈተናው አንሥቼ ወሬውን አዞርኩት። ማሽኑን ማታውኑ ጓሮ ቀበርኩት፣ አስቴርም ተፈትና አለፈች፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ቃሏን ስንት ጊዜ ላስተባብላት ሞክሬያለሁ። ተሳስታ ይሆናል እላለሁ፣ ቀልዳብኝ ይሆናል እላለሁ፣ አንዳንዴም ምነው በዋሸች እላለሁ። ችግሩ፣ ልጄ አትዋሽም።