ወደ ላይ የሚሸሸው ደን

የደን ተመራማሪዋ ፈትያ ከወሎ ተራሮች ያመጣቻቸውን እርሳስ የሚያካክሉ የጥድ እንጨቶች በረንዳዋ ላይ ስታሰጣ አንዱ አምልጧት ታች ፎቅ ወደቀ። ያነሳው ሱሌማን ነበር፤ በዚያው የቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከእናቱ ጋር የሚኖር መሐንዲስ።

ደረጃውን ወጥቶ አንኳኳ። «ይሄ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። እንኳን አልተሰበረ።» ዛፉ ሳይቆረጥ ከግንዱ ተሰርስሮ የወጣ ናሙና ነው። መስመሮቹን አሳየችው። «ሰፊው ዝናብ የጠገበበት ዓመት ነው። ጠባቡ የደረቀበት።»

ሱሌማን ጎንበስ ብሎ አየ። «ወደ ቅርፊቱ ያሉት ሁሉ ጠባብ ናቸው።»

«ሙቀቱ ጨመረ፣ በልጉም ይቀራል። ታች ያሉት ዛፎች ማደግ አቃታቸው። አዲስ ችግኝ የሚበቅለው ከላይ፣ ድሮ ውርጭ ያቃጥለው የነበረ ቦታ ነው። ደኑ ወደ ላይ እየሸሸ ነው፤ ተራራው ግን ጫፍ አለው።»

ቀና ሲል ዓይኖቻቸው ተገናኙ።

ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ለመውጣት ምክንያት አላጣም። በዓመቱ ለእናቱ ለወይዘሮ ሸሪፋ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገራቸው።

«ልጅቷን እወዳታለሁ» አሉ እናቱ። «ግን የዓመቱን ግማሽ ጫካ እየዋለች ትዳሩ እንዴት ይሆናል?»

ሱሌማን ይህንኑ ይዞ ወደ ፈትያ ሄደ። «መድኃኔዓለም አካባቢ ጥሩ የቢሮ ሥራ አለ። ተራራውን ለሌላ ሰው ተይው።»

«ሌላ ሰው የለም፣ ሱሌ። ልኬቱ ከተቋረጠ ደኑ ምን እንደገጠመው የሚያውቅ አይኖርም። ከወደድከኝ ከነሥራዬ ነው።»

ሱሌማን ደረጃውን ወርዶ ሄደ። በማግስቱ ፈትያ ብቻዋን ላምበረት መናኸሪያ ሄዳ የወሎ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ክረምቱ እስኪያልፍ አልተደዋወሉም። ሱሌማን ከሥራ ሲገባ ወደ በረንዳዋ ያያል፤ መብራት የለም። ምግብ አልበላ አለው።

«እማ፣ ፈትያ ጋ ልሄድ ነው» አላቸው አንድ ቀን ምሳ ላይ። «ልመልሳት አይደለም።»

ወይዘሮ ሸሪፋ ተነስተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ አዲስ ጋቢ ይዘዋል። «ስጣት። እዚያ ብርድ ነው።»

ተራራው ታችኛው ቁልቁለት ላይ በደረቁ ችግኞች መሃል አገኛት።

«ስትሄጂ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» አላት። «ከሥራ ፈቃድ ሳገኝ ደግሞ እመጣለሁ።»

«እናትህስ?»

ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «እሷ ናት የላከችልሽ።»

ፈትያ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የመለኪያ ሜትሩን ጫፍ አስያዘችውና ወደ አንድ ትልቅ ጥድ ወሰደችው። እሱ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው ዞሩ። ከግንዱ ጀርባ እጆቻቸው ተገናኙ፤ ቁጥሩን ለማንበብ ግን ሁለቱም አልቸኮሉም።