ከጸሎቱ በፊት የማይነሱበት ራት

ደሴታችን ገና በእንግሊዞች ስትገዛ፣ ከትበርት ከዚያ ተነስቶ ሕግ ሊማር ለንደን ሲገባ፣ ሰው ተምሮ ብቻ ሳይሆን በልቶም ጠበቃ እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ተማሪው ጥቁር ካባውን ደርቦ ከዳኞችና ከጠበቆች ጋር በጠበቆች ማኅበር አዳራሽ ራት ይበላል፤ የማሳረጊያው ጸሎት ሳይደርስ ከተነሳ ግን ራቱ አይቆጠርለትም። ከተወሰነለት የራት ቁጥር አንድ ከጎደለበት ደግሞ ምረቃው ይዘገያል።

ያን ክረምት ድካም አጥንቱ ድረስ ገብቶ ነበር። ጠዋት ፖስታ ቤት ጥቅል ይለያል፣ ከሰዓት ይማራል፣ ራቱን በልቶ ሲወጣ ቬርሊን በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። እሷም የደሴታችን ልጅ ናት፤ ነርስነት ትማራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ እግሯ አብጦም ትመጣለች።

«ዛሬስ ምን አበሉዎት፣ ክቡርነትዎ?»

«ጨው የሌለው በግ።»

«እኔ ጋ የተቀቀለ ሙዝና ዓሣ አለ። ምን ያደርጋል፣ ጠበቃ አያደርግህም።»

ይስቃሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ያ መንገድ ያሳርፋቸው ነበር።

አንድ ምሽት ግን አልሳቀችም።

«እናቴ ታማለች። ወደ አገር ቤት ልመለስ ነው፤ ሐሙስ በምሽቱ ባቡር ወደ መርከቡ እሄዳለሁ» አለችው።

«ሐሙስ እኮ ራት አለብኝ።»

«አውቃለሁ። ከትበርት፣ ማንም ሳይለምነኝ መጠበቅ ሰልችቶኛል። ባቡሩ ሳይነሳ መጥተህ ‹ጠብቂኝ› በለኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ አልቀየምህም፤ ግን አልጠብቅህም።»

ሐሙስ ዕለት የሾርባው ሳህን ሲነሳ ሊወጣ ቆርጦ ነበር። ወንበሩን ሲገፋ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ ዳኛ ቀና አሉ።

«ለመሆኑ እናንተ ራሳችሁን ማስተዳደር ትችላላችሁ?»

ማዕደኛው ሁሉ ሳቀ። አሁን ቢነሳ መልስ አጥቶ ሸሸ ይሉታል። ከትበርት ወንበሩን መልሶ አስጠጋና ደሴታችን ራሷን ማስተዳደር እንደምትችል መናገር ጀመረ። ሳቁ ቆመ፤ ሲጨርስ ጠረጴዛውን እየደበደቡ አደነቁት። ደሴታችን መሪዋን ያገኘችው ያኔ ነው ይባላል።

ጸሎቱ እንዳበቃ ካባውን ሳያወልቅ ሮጠ። ጣቢያው ሲደርስ ባቡሩ ሄዷል፤ ጠራጊው ሐዲዱ ዳር ያለውን ቆሻሻ ያፍሳል። ከትበርት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ቬርሊን አግብታ ወልዳለች። እሱም ዛሬ መሪያችን ነው፤ በቤተ መንግሥቱ የግብር አዳራሽ እሱ ሳይነሳ ማንም አይነሳም። ታዲያ የሾርባው ሳህን እንደተነሳ ብድግ ይላል።

«ክቡርነትዎ፣ ሥጋው ገና አልቀረበም እኮ» ይሉታል የራባቸው ሚኒስትሮች።

«ደክሞኛል። የሚጠብቀው ሰው ያለው ይሂድ።»

ከዚያ ይወጣና በሩ ላይ ጥቂት ይቆማል። ጠባቂዎቹ አየር የሚወስድ ይመስላቸዋል።