በበሩ ሥር የነበረው ድንጋይ

አቶ ዋቅጅራ የተገኙት በግንባራቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቶ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የህንፃው ኤሌክትሪሺያን አብዱልናስር ወደ ቤዝመንት ወርዶ፣ በባትሪ ክፍሉ በር ላይ ባለችው መዳፍ በምታህል መስታወት ወደ ውስጥ ሲመለከት፣ የአለቃው ጣቶች በሩን ሊነኩ አንድ ስንዝር ቀርቷቸው አየ። ካርዱን አስጠጋ። ቀይ መብራት። ደገመ፤ አሁንም ቀይ። በሩን በቡጢ ቢደበድበውም፣ ግራውንድ ወጥቶ በስልክ ከአራተኛ ፎቅ መቆጣጠሪያ ክፍል ቢያስከፍተውም፣ ሲከፈት የጠበቀው የቀዘቀዘ ሰውነት ነበር።

የገደላቸው የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ነው። የህንፃው መጠባበቂያ ባትሪዎች ቢቃጠሉ አየሩን አባሮ እሳቱን እንዲያፍን የተገጠመ ነበር። በዕለቱ ግን የተቃጠለ ነገር የለም፤ የታፈኑት ሰውየው ብቻ ናቸው።

ኢንስፔክተር አፀደ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የመጀመሪያ ትእዛዟ ማንም ከህንፃው እንዳይወጣ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ አብዱልናስር በአራተኛ ፎቅ ባለው የመስታወት ስብሰባ ክፍል እንዲቀመጥ። ካርዱ ስለተሰረዘ በሩ ለእሱ አይከፈትም። የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፤ እሱ ግን የትም አይሄድም።

ሲግናል በሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ባለ አሥር ፎቅ ህንፃ «ራሱን የሚያስተዳድር» እየተባለ ሲወራለት ከርሟል። በሮቹ ካርድ ያውቃሉ፣ መብራቱ ሰው ሲገባ ይበራል፣ የውሃ ታንከሩ ሲጎድል ራሱ ይናገራል። ሁሉንም የሚያዘው ኦልያድ የተባለ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የሠራው ሲስተም ነው። ዕለቱ የርክክብ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ህንፃውን የሚከራየው ባንክ ሰዎች ባሉበት፣ የህንፃ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ዋቅጅራ «ሲስተሙ ደህና ነው» ብለው ሊፈርሙ ቀጠሮ ነበራቸው።

የሲስተሙ መዝገብ ለአብዱልናስር ማምለጫ አልተወለትም። የባትሪ ክፍሉ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት በእሱ ካርድ ተከፍቷል። ጋዙ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ተለቋል። በመካከል ቤዝመንት ውስጥ የሌላ ሰው ካርድ የለም፤ እሱም ስለመውጣቱ የተጻፈ ነገር የለም።

አፀደ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ዕለት ከሟቹ ጋር ስትጯጯሁ ተሰምቷል።»

አብዱልናስር አልካደም። ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር ከሃያ ሁለት ሠራተኛ አራት ብቻ እንደሚቀር፣ የሚባረሩት ስም ዝርዝር ላይም የእሱ ስም መጀመሪያ እንደነበረ ነገራት። የጮኸው ለዚያ ነው። አቶ ዋቅጅራ ግን ሲያበቃ ጠብቀው፣ ርክክቡን እንደማይፈርሙ በጆሮው ነገሩት።

«ለምን?»

«ጋዝ ሲለቀቅ በሩ ይቆለፋል። ውስጥ ያለ ሰው በተኑን ተጭኖ ይወጣል ይባላል። መብራት ወይም ጀነሬተር ካለ እውነት ነው። ሁለቱም ጠፍተው በባትሪ ብቻ ከሆነ ግን በተኑ አይሠራም። ያለፈው ወር ለሙከራ ገብተው ሃያ ደቂቃ ተቆልፎባቸው ነበር። ታች ኔትወርክ የለም፤ ደውለው እንኳ አይጠሩም። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዋቅጅራ በሩ ሥር ድንጋይ ሳያደርጉ አይገቡም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም። ቀይ ድንጋይ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር ሲሄዱ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ያመጧት። ባትሪዎቹን ሊፈትሹ ሲገቡ በሩን በካርዴ ከፈትኩላቸው፣ ድንጋይዋን አደረጉ፣ እኔ ናፍታ ልጨምር ወደ ጀነሬተሩ ወጣሁ። አስከሬናቸውን ሳገኝ ድንጋይዋ በስተግራ ግድግዳው ሥር ነበረች።» ቀጥሎም ጨመረ፤ «ኢንስፔክተር፣ ልጄ ተቅዋ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ትምህርት ቤቷ መሪ የሚባለው ሰፈር ነው። እናቷ ሐዋሳ ናት። የሚያመጣት የለም።»

አፀደ ሰዓቷን አየች። «ተነሳ፤ ደረጃውን አሳየኝ» አለችው።

አንድ ፖሊስ ከኋላቸው እየተከተለ ከቤዝመንት ጀምረው ወጡ። የዚህ ህንፃ ደረጃ በየፎቁ በር አለው፤ በበሩ ሳያልፉ ወደሚቀጥለው ፎቅ አይወጣም። የጽዳት ኃላፊዋ ሰዓዳ ግራውንድ ላይ ተቀላቀለቻቸው። ስልኳ በየደቂቃው ጥን ይላል።

«ማነው እንዲህ የሚፈልግሽ?» አለች አፀደ።

«በሮቹ ናቸው እቴ። ሰው ቢፈልገኝማ ጥሩ ነበር።»

ሰዓዳ እንደነገረቻቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የደረጃው በሮች ይቆለፋሉ። ሁለት ጊዜ የጽዳት ሴቶች ከነባልዲያቸው ደረጃ ላይ ታስረው ውለዋል። ስለዚህ ከመሠረቱ ቁፋሮ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ሰብስበው፣ ጠዋት መብራት ከጠፋ ለእያንዳንዱ በር አንዳንድ ያደርጋሉ። ዛሬም ከሁለት ተኩል ጀምሮ በሮቹ ሁሉ በድንጋይ ተከፍተው ነበር። ያኔ ካርድ የሚያሳይ ሰው ስለሌለ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ አይመዘገብም። አብዱልናስርም ነገሩ ገባው፤ ከእስር ያድናቸው የነበረው ድንጋይ የመውጫውን ምስክር ነጥቆታል።

«ኦልያድ ግን ድንጋይ ሲያይ ጅብ ያየ ነው የሚመስለው» አለች ሰዓዳ። «ክልክል ነው ብሎ ወረቀት ለጠፈ። አልሰማ ስንለው በር ከአምስት ደቂቃ በላይ ሲከፈት በስልኬ እንዲመጣ አደረገው፤ ሲዘጋም ይመጣል። ሄደሽ ዝጊ ነው ነገሩ። እኔ አንብቤው አላውቅም።»

«ትሰርዥዋለሽ?»

«እንዴት እንደሚሰረዝ ማን አሳየኝ?»

አፀደ እጇን ዘረጋች፤ ሰዓዳም ስልኩን ሰጠቻት።

እስከ አሥረኛ ፎቅ ወጡ። አፀደ እያለከለከች በእያንዳንዱ በር ቆመች፤ ጎንበስ እያለች ታያለች፣ በትንሽ ደብተሯ ትጽፋለች።

የህንፃው ባለቤት አቶ ኃይለ መስቀል ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቋት። ጠዋት ከባንኩ እንግዶች ጋር ግራውንድ እንደነበሩ፣ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ነግረዋት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መዝገቡ ልጁን ካሳየ ይዛችሁት ሂዱ። ለዘጠኝ ሰዓት እንግዶቼ ይመለሳሉ።»

ኦልያድ ደግሞ ከስክሪኖቹ ፊት ሆኖ በትህትና መለሰላት። ሟቹን አከብራቸው ነበር አለ፤ ዐይኑም እርጥብ ነበር።

«ካሜራ የለም?»

«በባትሪ ጊዜ ካሜራዎቹ ይጠፋሉ፤ ፓወር ለመቆጠብ። ግን ሎጉ፣ መዝገቡ ማለቴ ነው፣ ክሊር ነው። ሲስተም ኢሞሽን የለውም ኢንስፔክተር። ማንንም አይጠላም፣ ለማንም አያዳላም።»

«ጠዋት ከዚህ ፎቅ ወርደሃል?»

«ከገባሁ አልተነሳሁም። ካርዴን ቼክ ያድርጉት።»

«ጋዙን ከስልክ መልቀቅ ይቻላል?»

ጥቂት አሰበ። «ይቻላል፤ ለሲስተሙ ብቻ የሚሆን ዋይፋይ ታችም አለ። ግን ያዘዘው ሰው ስም ሎጉ ላይ ይታይ ነበር።»

«ሎጉን የሚይዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኦልያድ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አፀደ ሁሉንም ወደ መስታወቱ ክፍል ጠራች። አብዱልናስር ከጥግ ተቀምጦ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ሰዓዳ አጠገቡ፣ አቶ ኃይለ መስቀል ከጠረጴዛው ራስ፣ አንድ ፖሊስ ከመስኮቱ ዘንድ። አፀደ ከአምስተኛ ፎቅ ያመጣችውን ጥቁር ድንጋይ በሩ ሥር አድርጋ ተወችው። መጨረሻ የገባው ኦልያድ ነበር። ስልኩን እያየ፣ ሳያስበው፣ ድንጋዩን በጫማው ጠርዝ ገፋ አድርጎ በስተግራ ግድግዳው ሥር አስጠጋውና አለፈ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ተቀመጥ» አለችው አፀደ። «አሁን እንጀምር።»

ሰዓዳ ድንጋዩን አየች፤ ቀጥሎ አብዱልናስርን አየች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ይህ ህንፃ ብዙ ነገር ራሱ ያደርጋል» አለች አፀደ። «በር ይቆልፋል፣ ጋዝ ይለቃል፣ መዝገብ ይጽፋል፤ የሚያውቅበት ሰው ካዘዘው ደግሞ ከመዝገቡ ያጠፋል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንጋይ ከበር ሥር ማንሳት አይችልም። ለዚያ የሰው እግር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ አንድ ሰው በአካል እዚያ በር ላይ ነበር።»

«እሱ ነበራ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል በአገጫቸው አብዱልናስርን እያሳዩ።

«እንየው። ሰውየው እንዲሞቱ የውስጡ በተን መሞት ነበረበት። በተኑ የሚሞተው ደግሞ መብራትም ጀነሬተርም ሲጠፋ ብቻ ነው። ጀነሬተሩ ናፍታ ለመጨመር ሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ላይ ቆሞ፣ ከሠላሳ ስድስት ላይ ተነሳ። ያ አሮጌ ጀነሬተር የሲስተሙን ትእዛዝ አይሰማም፤ ጓሮ ሄዶ በእጅ ማጥፋት፣ በእጅ ማስነሳት ነው። አቶ ኃይለ መስቀል፣ እንግዶችዎ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጡ ምን አደረጉ?»

ሰውየው ከረባታቸውን ነካኩ። «በጓሮው መስኮት... ቶሎ በል ብዬ ተቆጣሁት።»

«ማንን?»

«አብዱልናስርን።»

«እስኪያስነሳው ቆመው አዩት?»

«አየሁት።»

«ይህን ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዲህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም» አሉ።

አብዱልናስር ዐይኑን ከግድግዳው ሰዓት አንስቶ ሰውየውን አየ።

አፀደ የሰዓዳን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ኦልያድ ሎጉን አጽድቷል። ይህችን ግን ረሳት፤ ማንም እንደማያነባት ስለሚያውቅ። ላንብብላችሁ። የባትሪ ክፍል በር፣ ሠላሳ አንድ ላይ ተዘጋ። የቤዝመንት ደረጃ በር፣ ሠላሳ ሁለት። ግራውንድ፣ ሠላሳ ሦስት። አንደኛ ፎቅ፣ ሠላሳ አራት። ሁለተኛ፣ ሠላሳ አምስት። ሦስተኛ፣ ሠላሳ ስድስት። አራተኛ፣ ሠላሳ ሰባት። ከዚያ በላይ አንድም በር አልተዘጋም። ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ድንጋዮቹ ስንወጣ በሮቹ ሥር ነበሩ። ከአራተኛ ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ሁሉ በስተግራ ግድግዳው ሥር ተጠግተዋል፤ ልክ እንደዚያኛው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ኦልያድም ዞረ፤ ድንጋዩንም ገና አሁን አየው።

«ሲወርድ አልነካቸውም፤ መመለሻው እንዳይቆለፍበት» አለች አፀደ። «ሲመለስ ግን ሥራው አልቋል። ክፍት በር አልፎ መሄድ የማይችል ሰው ነውና እያንዳንዱን እየዘጋ ወጣ። በሮቹ በመጨረሻ የት እንዳደረሱት ነገሩን፤ ይህ ፎቅ ነው። ጠዋት እዚህ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ኦልያድ ድንጋዩን እያየ ተናገረ።

«ሦስት ዓመት ነው የሠራሁት። አንድ ስህተት ነው ያለው፤ በሁለት ሳምንት ይስተካከል ነበር። ለምኛቸው ነበር። 'ሰው ከሚቆለፍበት ቤት ላይ ስሜን አልጽፍም' አሉኝ።»

«ስህተቱ እውነት እንደነበር ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለች አፀደ በዝግታ። «ሰውየውን የገደልካቸው በእሱ ነው።»

ኦልያድ አንገቱን ደፋ።

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ወሰደው። እጀታውን ቢጎትተው አልከፈት አለ። ጠዋት ፖሊሱ ከውጭ ይከፍትላት ነበር፤ አሁን ግን አፀደ በእንግድነት የተሰጣትን ካርድ ከውስጥ አስጠጋች፤ ቀይ። ሰዓዳ የሷን አስጠጋች፤ ቀይ። አቶ ኃይለ መስቀል የእሳቸውን ላይኛው ፎቅ እንደረሱ አጉረመረሙ። በመስታወቱ ማዶ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ለአፍታ ሁሉም ታሰሩ፤ አብዱልናስር ቀኑን ሙሉ የኖረበት ዓይነት እስር ነው።

«የሚከፍተው የአንተ ነው መሰለኝ» አለች አፀደ።

ኦልያድ ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ በሩ ላይ አስጠጋ። አረንጓዴ በራ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ከአሥር ይላል። አፀደ የአብዱልናስርን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ «ሲግናል ላይ ታክሲ አታጣም፤ ሂድ፣ ልጅህ ትጠብቅሃለች» አለችው። እሱም ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ጥቁሩን ድንጋይ በሁለት እጁ አንስቶ፣ ጋሼ ዋቅጅራ ያደርጉት እንደነበረው ሰፊ ጎኑን ወደ ታች አዙሮ በሩ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃውን እየሮጠ የወረደው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሰዓዳ ስልክ ጥን አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። የአራተኛ ፎቅ የስብሰባ ክፍል በር ክፍት ነው ይላል።

ስልኩን ኪሷ ከተተችው፤ በሩንም አልዘጋችውም።