«የሰው» ተብሎ የተጻፈበት ፍሪዘር

ይህ ነገር መነገር የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፣ አንዴ መጻፍ ጀምሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ የሳይንስ ፋኩልቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እኛ ሰፈር ጉርድ ሾላ ጠንቋይ ቤት የሚሄዱ ጎረቤቶቻችንን እንኳ ፊት ለፊት የምከራከር ልጅ ነኝ። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው፣ እናንተ ፍረዱ።

ዘንድሮ በሁለተኛው መንፈቅ፣ የካ ውስጥ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የምርምር ቤት ለተግባር ልምምድ ተመድቤ ነበር። ኃላፊዬ ዶክተር ጽጌ የሚያጠኑት የሰው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ከሰው ገላ የወጣ አይደለም፣ የሰው የዘር ቅንጣት ባክቴሪያ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያው ያመርተዋል፣ ከዚያ ይጣራል። የተጣራው ከውጭ አገር በደረቅ በረዶ ታሽጎ እስኪደርሳቸው ብዙ ለፍተውበታል፣ ሌላ የሚያስመጡበት ምንዛሪም ፈቃድም የለም። አንዴ ከቀለጠ መልሰው ቢያቀዘቅዙት ይበላሻል፣ ስለዚህ በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፣ አንዱ ብልቃጥ ይወጣል፣ ወዲያውኑ ይሠራበታል፣ አይመለስም።

ሁለት ፍሪዘር ነበረን፣ በአንደኛው ክዳን ላይ ዶክተር በፕላስተር «የአይጥ»፣ በሌላው ላይ «የሰው» ብለው ጽፈዋል። እመኑኝ፣ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን የሌላ ሰው ንብረት ነው አትንኩ ማለት መስሎኝ፣ የማን እንደሆነ ጠይቄ አስቄአቸዋለሁ።

ዘበኛው ጋሽ ደበላ ግን አልሳቁም። የካራ ሰው ናቸው፣ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያንን ቃል ካነበቡ ጀምሮ በፍሪዘሩ አጠገብ ሲያልፉ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፣ አስከሬንም አልተሰጣቸውም፤ ይህን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ዝርዝሩን አልጠየቅኩም፣ አይጠየቅምም። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ የማን ሰው ነው?» አሉኝ። ሰው እንዳልሆነ፣ ዘሩ ብቻ ከሰው እንደተወሰደ፣ የማውቀውን ሁሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ዘሩስ የማን ነው?» አሉ። ይህን መጽሐፌ ውስጥ አላገኘሁትም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ስብሰባ ተጠርተው የፍሪዘሩን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። መብራት ቢጠፋ በፍጹም እንዳልከፍተው፣ ካልተከፈተ እስከ ማታ ቅዝቃዜውን እንደሚይዝ፣ ከተከፈተ ግን የደከሙበት ሁሉ እንደሚያልቅ ነገሩኝ። ስለታመንኩ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው እንደወጡ ዝናቡ ከእንጦጦ እየገፋ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ወንበር ስቤ ፍሪዘሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሞተሩ ሲቆም ክፍሉ ጭር አለ። መጀመሪያ የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ፣ በረዶ ነው አልኩ፣ ይህ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ግን ኳ አለ፣ ዝም አለ፣ ኳ ኳ አለ፣ ከውስጥ በኩል፣ አምሽቶ የመጣ ሰው ቤተሰቡን ላለማስደንገጥ በቀስታ እንደሚያንኳኳው። የአይጡ ፍሪዘር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። እጄን «የሰው» በሚለው ክዳን ላይ ሳሳርፍ፣ እመኑኝ፣ ብረቱ ለብ ብሏል፣ ገላ እንደሚሞቀው።

ቀና ስል ጋሽ ደበላ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ከዝናብ ልብሳቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«ክፈቺለት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይቻልም። ከከፈትኩት ይበላሻል።»

«ካልከፈትሽለትስ?»

ማንኳኳቱ ፈጠነ። ወደ እኔ ሲራመዱ በጉልበት የሚከፍቱት መስሎኝ ክዳኑ ላይ በደረቴ ተደፋሁ፣ ማንኳኳቱ ከደረቴ ሥር ይመታ ነበር። አልገፉኝም። ከዝናብ ልብሳቸው ሥር ደረቅ ጋቢያቸውን አወጡና ፍሪዘሩን ሸፈኑት፣ ጠርዙን ዙሪያውን ወሸቁለት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ለልጅ እንደሚነገር «ዛሬ አይሆንም፣ ትንሽ ታገስ» አሉት። ዝም አለ። ሳይመሽ መብራት መጣ።

ሰኞ ዶክተር ሲከፍቱት ፕሮቲኑ አልቀለጠም፣ ፈትሸውት ደህና ነው አሉኝ። ይሁንና ከብልቃጦቹ ዙሪያ፣ በበረዶው ውስጥ፣ የጋቢ ፈትል ተጠምጥሞ ነበር። ከፍተሽው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልከፈትኩም አልኳቸው፣ ቁልፉም ከእጄ አልወጣም፤ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ያንኳኳል፣ ጋሽ ደበላም መጥተው ይሸፍኑታል፣ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን አላወራንም። በመጨረሻ የዶክተር ሥራ ተጠናቀቀ፣ የመጨረሻው ብልቃጥ ተሠራበት፣ ትርፍራፊው በበረኪና ታጥቦ በቧንቧ ወረደ። ቅልል የሚላቸው መስሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሽ ደበላ አለቀ አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አወለቁና «ለእናቱ ማን ነገራት?» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሥራ ሲወጡ ወደ ቤታቸው በሚወስደው በካራ መንገድ አልሄዱም፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጡ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው፣ ባዶውን መንገድ ግማሹን አብሯቸው ለሚሄድ እንደሚተው ለቀው፣ ወደ ጎናቸው ዞር እያሉ፣ ለሚደክም ሰው እንደሚደረገው እርምጃቸውን እያዘገዩ። ወደ ሥራም አልተመለሱም። ቀኑ አርብ፣ ሰኔ 10 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር።